ጅቡቲ ላይ አልጋ ስትይዙ፦ መሀል ከተማ፣ ካርቲዬ ወይስ ፒኬ 12?

«ጅቡቲ ላይ አልጋ ስንት ነው?» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ መኪና ሊያስወጣ ነው። ሌላው ኮንቴነሩ ወደብ ላይ ቆሞበታል። ሌላዋ ዕቃ አይታ ልትመለስ ነው። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «በየትኛው ወር ነው የምትሄዱት?»

ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥር ላይ እንቅልፍ የጠገባችሁበት ክፍል ሐምሌ ላይ ዓይናችሁን አያስከድናችሁም። እኛ ክረምት ሲባል ዝናብና ጋቢ ነው የሚታየን። ጅቡቲ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም እሳት ናት። ሐምሌ ላይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም 30 ገደማ ላይ ይቀራል። ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ሌላ አገር ትመስላለች። ማታ ማታ ወደ ባሕሩ ወጣ ብሎ ነፋስ መቀበል ይቻላል።

ጅቡቲ ላይ ገንዘብ የምትከፍሉት ለእንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው በማግስቱ ወደብ ላይ ወረቀት አይጨርስም። ወረቀቱ ካላለቀ ሌላ ሌሊት ይጨመራል። የኮንቴነሩ ዲመሬጅም፣ ማለትም ዕቃው በቆየ ቁጥር የሚቆጠረው ቅጣት፣ እናንተን አይጠብቅም። በአልጋ ላይ ቆጠብኩ ያለ ሰው በሁለት ተጨማሪ ቀን ሲከስር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ኪሱን ቆጥሮ ለሚሄድ ሰው ነው። ባሕሩ ዳር ያሉት ሸራተንና ኬምፒንስኪ የኛ ጉዳይ አይደሉም።

ስለ ፍራንኩ

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም። 1,000 ፍራንክ አምስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም አካባቢ ነው። 10,000 ፍራንክ 56 ዶላር ነው። ይህችን ስሌት በቃላችሁ ከያዛችሁ ሪሴፕሽን ላይ ማንም አያምታታችሁም።

ግን ለዋጋው ተዘጋጁ። አዲስ አበባ ላይ ደህና ፔንሲዮን የሚያስይዝ ገንዘብ እዚያ የጋራ ሻወር ያለው ክፍል ላይ ሊያልቅ ይችላል። ምክንያት አለው። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ቻይና ሁሉም እዚያች ትንሽ አገር ውስጥ ጦር ሰፈር አላቸው። በመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚያድር እንግዳ ይበዛል። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከውጭ ነው የሚገባው፤ ብዙው ከኛው አገር። መብራትም ውድ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ኤሲ ያለውን ክፍል ከሌለው አብልጦ ሲያስከፍል የሚያሰላው የመብራት ቆጣሪውን ነው።

ዕቃችሁ የት ነው ያለው?

ከወሩ ቀጥሎ ይህ ይመጣል። አሮጌው ወደብ ከመሀል ከተማው ጥግ ላይ ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ በእግር ይደረሳል። ሥራው ግን በአብዛኛው ወደ ዶራሌ ሄዷል። የዶራሌ ኮንቴነር ተርሚናል በ2009 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ሁለገቡ ወደብ ደግሞ በ2017። ዶራሌ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። የምታናግሩት ትራንዚተር (ዕቃችሁን ከወደብ የሚያስወጣላችሁ ወኪል) ቢሮው ግን መሀል ከተማ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት ትራንዚተራችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ዕቃው የትኛው ወደብ ነው? እኔ ራሴ የምፈርምበት ቦታስ የት ነው? ብዙ ሰው ወደቡ በር ድረስ መሄድ ያለበት አንድ ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ቀን ቢሮ ለቢሮ ነው የሚዞረው። እንዲህ ከሆነ ዶራሌን ብላችሁ ከከተማ ርቃችሁ ማደር ትርፉ ታክሲ ነው።

መሀል ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ

ካርታ ላይ ጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ይላል፤ ነፃነታቸውን ያገኙበት ቀን ነው። ታክሲ ነጂው ግን «ፕላስ ሚኒሊክ» ስትሉት ነው ቶሎ የሚገባው። ነጫጭ፣ ቅስት በረንዳ ያላቸው የፈረንሳይ ጊዜ ሕንፃዎች ናቸው። ታች ካፌና ሱቅ፣ ላይ አልጋ። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ የስልክ ካርድ፣ የትራንዚት ቢሮ፣ ሁሉም በእግር ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት በእግር መድረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። በረንዳው ራሱ ጥላ ነው።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው። ሁለተኛው ጫጫታው። በአካባቢው የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባል መንገድ አለ፤ መጠጥ ቤቱና ጭፈራ ቤቱ እዚያ ነው። ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል ከያዛችሁ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ አጋማሽ፣ ከዚያም በላይ፣ አብሯችሁ ነው። ወደ ኋላ የሚያይ ክፍል ጠይቁ። መስኮቱ ግድግዳ ቢያይም ግድ የለም።

ሥራችሁ ከአራት ቀን በታች ከሆነና ቢሮው መሀል ከተማ ከሆነ፣ የኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር ይኸኛው ነው። እንዲህ አስሉት። በመሀል ከተማና በሌላው ሰፈር መካከል የ2,000 ፍራንክ ልዩነት አለ እንበል፤ 11 ዶላር ገደማ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ታክሲ ከተመላለሳችሁ ያ ልዩነት አለቀ ማለት ነው። ድካሙ ገና አልተቆጠረም።

ካርቲዬዎቹ፣ ራምቦ አደባባይና ሐሙዲ መስጊድ ዙሪያ

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ደቡብ ትንሽ ስትሄዱ ከተማዋ መልኳን ትቀይራለች። ቁጥር የተሰጣቸው ሰፈሮች፣ ካርቲዬ 1፣ ካርቲዬ 2 እያሉ ይቀጥላሉ። ገበያው፣ ሚኒባሱ፣ ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች፣ ሁሉም እዚህ ነው። መሀሉ ላይ የሐሙዲ መስጊድ አለ፤ ከ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የቆመ ነው። አልጋው ከመሀል ከተማው ይረክሳል። ብዙው ቬንትሌተር ብቻ ያለው፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነ ነው። በኛ አነጋገር ቤርጎ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ ይህን እመርጣለሁ። እውነቴን ነው። የዚህ ሰፈር ሰው ጨዋ ነው፤ የሚበላውም ጥሩ ነው። የየመን ዓሣ የሚሠሩት ቤቶች አሉ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይገልጡታል። ቀይ ቅመም ይቀቡትና በሸክላ ምድጃ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያንጠለጥሉታል። ጫፉ ጠቆር ብሎ፣ መሀሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከምድጃው በወጣ ሰፊ ቂጣ እየጠቀለላችሁ በእጅ ነው የምትበሉት። ሁለት ሆናችሁ አንድ ዓሣ ይበቃል።

ግን ሐምሌ ላይ እዚህ ቤርጎ አትያዙ። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው የጋለ አየር ነው። የአዛን ድምፅ የሚያባንናችሁ ከሆነም ከመስጊዱ ራቅ ያለ መንገድ ፈልጉ።

ፒኬ 12

ስሙ ራሱ አድራሻ ነው፤ ከመሀል ከተማ 12ኛው ኪሎሜትር ማለት ነው። የኛ ከባድ መኪና ሹፌሮች ሰፈር ነው። በጋላፊ ድንበር በኩል የመጣ ተሳቢ ሁሉ ተራ የሚጠብቀው፣ ረዳቱ ጎማ የሚነካካው፣ ሹፌሩ ስልክ የሚደውለው እዚህ አካባቢ ነው። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ ሞተሩ አንድ በአንድ ሲነሳ አልጋው ይንቀጠቀጣል። በዚያው ሰዓት ግን ከጎን ካለው ቆርቆሮ ቤት የቡና ሽታ ይመጣል። የአገራችን ሴት ናት፤ ጀበናዋን ጥዳለች። «ና ልጄ፣ ሽሮ አለ፤ እንጀራውም የዛሬ ነው» ትላለች። በዚያ ሙቀት፣ ሳምንት ሙሉ ወረፋ ለጠበቀ ሰው፣ ያ ቃል ቀላል ነገር አይደለም።

አማርኛ ብቻ ይዛችሁ እዚህ ትኖራላችሁ። ወሬውም እዚህ ነው። የትኛው መርከብ እንደቆመ፣ የትኛው በር ወረፋ እንዳለው ከማንም በፊት የሚሰማው ሹፌሩ ነው። ሸሪካችሁ ሹፌር ከሆነ፣ ወይም ዕቃችሁ ሲጫን ራሳችሁ ቆማችሁ ማየት ካለባችሁ፣ ፒኬ 12 ይሻላችኋል። ወደ ዶራሌም ለመሄድ መሀል ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ለሌላው ሰው ግን አልመክርም። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው ያላቸው። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው ያድራል። ብዙ ሹፌር ክፍሉን ትቶ ውጭ አልጋ አስወጥቶ ወይም ጋቢናው ውስጥ የሚተኛው ለዚህ ነው። ብቻዋን ለምትሄድ ሴትም ማታ ማታ ሰፈሩ አይመችም። እህቴ ብትሆን መሀል ከተማ፣ ሪሴፕሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያለበት ሆቴል ነው የማስይዛት። ትንሽ ከፍ ቢልም ትክፈል።

ናጋድና አምቡሊ

ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ናጋድ ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ አምቡሊ። ሁለቱም ከመሀል ከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። በዚያ አካባቢ ማደር ትርጉም የሚሰጠው ንጋት ላይ ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ታክሲዎች አሉ። ሒሳቡን ሳትገቡ ተነጋገሩ፤ ማታ ዋጋው ይጨምራል።

ኤሲው፣ ጄኔሬተሩ፣ ውሃው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ አንድ ርካሽ ሆቴል አረፍኩ። ሪሴፕሽኑ ላይ «መብራት ቢጠፋስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ጄኔሬተር አለን» አለኝ ልጁ። አመንኩት። አልዋሸኝም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ አምፖሉም በራ። ኤሲው ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ጄኔሬተሩ አምፖልና ቬንትሌተር እንጂ ኤሲ አይችልም። በ10 ደቂቃ ውስጥ አንሶላው በላብ ተጣበቀብኝ። ፍራሼን ተሸክሜ ሰገነት ወጣሁ። ግማሹ ሆቴል እዚያ ነበር። አንድ አባወራ ልጁን በጋዜጣ ያራግብላታል። ሁለት የኛ አገር ልጆች ጀሪካን ተንተርሰው ተኝተዋል። ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች መብራት ይታያል፤ እነሱ አልጠፋባቸውም። በማግስቱ ቢሮ ስደርስ የፈረምኩትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አበላሸሁት።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ «ጄኔሬተሩ ኤሲውን ይችላል?» ይህች አንዲት ጥያቄ ከዋጋ ክርክር ሁሉ ትበልጣለች። እነሱ ኤሲን «ክሊም» ነው የሚሉት። «ሻምብር አቬክ ክሊም» ካላችሁ ገባቸው። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ግቡ፣ ኤሲውን አስከፍቱ፣ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ድምፁን ስሙ። ጎትቶ ጎትቶ የሚያቆም ከሆነ ሌላ ክፍል ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ኤሲው ማታ ብቻ ነው የሚለቀቀው፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

ፎቁንም ምረጡ። የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያው ነው የሚያቃጥለው። ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ሙሉ ይጠጣል። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይም ከሞቀ ክፍሉ ሌሊቱን አይበርድም። መካከለኛ ፎቅ፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ እሱ ነው።

የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ከኛ ከሶማሌ ክልል ሐደጋላ በቧንቧ የሚሄድ ውሃ ቢኖርም ከተማዋ ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ ነው። ሳሙናው እምቢ ሲላችሁ አትደናገጡ። የምትጠጡትን የታሸገ ውሃ ግን ከሆቴሉ ሳይሆን ከሱቅ ግዙ።

ስለ ውሃ ካነሳሁ ሮቶውን ሳልናገር አላልፍም። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. በዓመት የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ70 ሺህ አለፈ። በዚያው በ2012 አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ እዚያ ተገኝታ ነበር። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ውስጥ፣ ክዳን የሌለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ ያስነሳችውም እሷው ናት። ስለዚህ ሰገነት ላይ ወጥታችሁ የሮቶውን ክዳን ማየት ነውር አይደለም። በርሜልና ክፍት ታንከር የሞላበት ቤት ከሆነ ሌላ ቤት እዩ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ኤሲው ከቆመና መስኮት ከከፈታችሁ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ ጅቡቲ እንደነበራችሁ ንገሩት።

ሰዓቱ

የሰዓት ልዩነት የለንም፤ አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። «12 ሰዓት ላይ ክፍሉን ልቀቁ» ሲሏችሁ ቀትር ማለታቸው ነው፤ የኛ 6 ሰዓት። ማታ 12 መስሎት ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ወጥቶ የተጨማሪ ቀን ሒሳብ የተጠየቀ ሰው አውቃለሁ። ቀጠሮም እንደዚያው ነው።

ቢሮ ያለው ጠዋት ነው። ቀትር አለፍ ሲል ጫቱ ከኛ አገር ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ጸጥ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ጉዳይ እጨርሳለሁ ብላችሁ አታስቡ። ያን ጊዜ ተኙበት። ቀን የምትተኙበት ክፍል ደግሞ ቀን ኤሲ ያለው መሆን አለበት፤ ማታ ብቻ የሚለቁ ቤቶችን የማልወደው ለዚህ ነው።

ከሳምንት በላይ ከሆነ

ጉዳዩ ከረዘመ ሆቴሉን ተዉት። ሦስት አራት ሆኖ ቤት መከራየት ያዋጣል። የአገራችን ነጋዴዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ በሽሮና በፓስታ ራሳቸውን ችለው። ግን የመብራቱ ሒሳብ ኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ከመግባታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ኤሲ 24 ሰዓት ከፍታችሁ የወሩ መጨረሻ ላይ ቆጣሪው ሲነበብ የመብራቱ ሒሳብ ኪራዩን ሊያክል ይችላል። ፓስፖርታችሁንም ለአከራይ አትተዉ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።

ሥራችሁ አጭር ከሆነ ደግሞ ወደ ጅቡቲ እሑድ ወይም ሰኞ ለመግባት ሞክሩ። ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው። ሐሙስ ቀትር ላይ ማኅተሙ ካልተመታ የዚያኑ ዕለት ከሆቴሉ ጋር ተነጋግራችሁ አልጋውን አስረዝሙ። ማታ ስትመለሱ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ሻንጣችሁ ሪሴፕሽን ጥግ ላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል።